ደለል የት ይረፍ? ከፍራንክፈርት ደን እስከ ቦረና አሸዋ

ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1873 ከፎግልስበርግና ከሽፔሳርት ተራሮች የምንጭ ውኃ በቧንቧ አስመጣች። ያም አልበቃ ሲላት በ1880ዎቹ ከደቡቧ የተንጣለለውን የከተማ ደን ከርሰ ምድር ውኃ መቅዳት ያዘች። ደኑ የቆመው የማይን ወንዝ በዘመናት ባነጠፈው አሸዋና ጠጠር ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማዋ ፍላጎት እያየለ ሲሄድ፣ የተቀዳውን ለመተካት የወንዙን ውኃ ወደዚያው አሸዋ ማስገባት ተጀመረ።

ውኃው ግን እንዳለ አይፈስም። መጀመሪያ በኒደራድ ማጣሪያ ደለሉ ተጠራቅሞ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ተጣርቶ በአክቲቭ ካርቦን ያልፋል። ወደ ደኑ ቦዮችና ጉድጓዶች የሚለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለበጀት ተቆጣጣሪ ይህ ድርብ ወጪ ሊመስል ይችላል። አሸዋ ራሱ ማጣሪያ አይደለምን?

በእርግጥ ነው። በ1892 ኮሌራ ሃምቡርግ ገብቶ 8,600 ያህል ሰው ሲፈጅ፣ ጎረቤቷ አልቶና በእጅጉ ያነሰ ጉዳት ደረሰባት። ሁለቱም የኤልበን ውኃ ይጠጡ ነበር፤ እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች ነበር። ልዩነቱ አልቶና በአሸዋ ማጣራቷ ነው። ሮበርት ኮክ እንዳስረዳው፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በአሸዋው ገጽ ላይ የሚጋገረው ስስ የደለል ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ውኃው ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሠራተኞች በአካፋ ይፍቁታል።

ከመሬት በታች ግን አካፋ አይደርስም። ከ0.06 ሚሊሜትር ያነሰ ቅንጣት በሻካራ አሸዋ ክፍተቶች ይሾልካል። ከሥሩ ደቃቅ የአሸዋ ንብር ሲያጋጥመው መተላለፊያው ይጠብበትና በሁለቱ ንብሮች ወሰን ላይ ይቀራል፤ ተከታዩም በላዩ ይደረባል። በዚህ ዓይነት የተሠራ ስስ ንጣፍ ሜትሮች ውፍረት ያለውን አሸዋ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። እኔ እንደማየው የኒደራድ ወጪ የተከፈለው ለዚህ ነው፦ ደለሉ እጅ በሚደርስበት ቦታ እንዲቀር።

በቦረና ደረቅ ወንዞች ላይ የሚሠሩት የአሸዋ ግድቦች የኒደራድን ያህል ማጣሪያ ሊኖራቸው አይችልም፤ ማጣሪያቸው የግንባታው ቅደም ተከተል ነው። ግድቡ በየዝናቡ ወራት ጥቂት በጥቂት ከፍ ሲል ሻካራው አሸዋ ከኋላው ይቀራል፣ ደቃቁ በጎርፉ ተጠርጎ በላዩ ያልፋል። በአንድ ጊዜ ሙሉ ቁመቱን ከያዘ ግን ጎርፉ ይረጋና ጭቃው ከአሸዋው ጋር እያፈራረቀ ይነጠፋል። የአንድ ዓመት የእርዳታ በጀት የሚመርጠው፣ መመረቂያ ሪባኑም የሚቸኩልለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። በእንዲህ ያለው አሸዋ ውስጥ ውኃ አይጠፋም፤ ጭቃው ይዞት ይቀራል እንጂ ለተቆፈረው ጉድጓድ አይለቀውም።