የችሎቱ ፊታውራሪ

የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው የጦር አበጋዝነታቸው ነው። ይሁን እንጂ በዘመናቸው ሰዎች ዘንድ ከጦረኛነታቸው ባላነሰ በዳኝነታቸው የተከበሩ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት ሀብተ ጊዮርጊስ ሕግን በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረምና። ትምህርት ቤታቸው ችሎት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በሊቃውንት እጅ ቢኖርም፣ የዕለት ተዕለቱ ሙግት የሚካሄደው በአንደበት ነው። ተሟጋቾች በ«በላ ልበልሃ» ይጠያየቃሉ፣ ዋስ ይጠራሉ፤ ዳኛውም ነገሩን ከሥሩ አጣርቶ ይፈርዳል። እንዲህ ባለ ሥርዓት አስተዋይ ጆሮ ያለው ምርኮኛ እንኳ ከፍ ሊል ይችል ነበር።

ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ ማዕረጉ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርድ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጦር ለእርሳቸው ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የመሩት ጦር ንጉሥ ሚካኤልን ድል ካደረገ ወዲህ፣ ያለ እርሳቸው ምክር ከባድ የመንግሥት ጉዳይ አይቆረጥም ነበር።

በአባያ ዳር ለምንኖር ሰዎች ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። ቦረናን ያስገበሩት እኒሁ ሰው ናቸው። የጋሞ ደጋም በዚያው በምኒልክ ዘመን ወደ ግዛቱ ሲጠቃለል፣ ገባሩ የሚከሰው መልከኛ ራሱ ዳኛው ሆኖ ይገኝ ጀመር። ተከሳሽና ዳኛ አንድ በሆኑበት ችሎት የሰላ አንደበት ምን ይፈይዳል?

የሆነ ሆኖ የጋሞ ሕዝብ የራሱን ሸንጎ አልተወም። በዱቡሻ፣ በአደባባይ ተቀምጦ፣ እስኪግባባ ድረስ ይመክራል፤ ሃላቃውም ሸንጎውን ያገለግላል እንጂ አይገዛም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው በቁጣ የወጡ ወጣቶችን የመለሱት ከዚሁ ልማድ በቀዱት ሥልጣን ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ሠራዊታቸውና ሀብታቸው ወደ ራስ ተፈሪ ዞረ። ጦርና ርስት ወራሽ አያጡም፤ በአንድ ሰው አእምሮ ላይ የቆመ ዳኝነት ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የሕግ ባለሙያ ከታላቁ ዳኛ የማዳመጥን ጥበብ፣ ከዱቡሻው ደግሞ ፍርድ የብዙዎች አደራ መሆኑን ቢማር፣ ሁለቱንም በሚገባ አከበረ ማለት ነው።