የሜሰንስ ቤንድ የማኅበረሰብ ማዕከል
አላባማ፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. 2000
የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሩራል ስቱዲዮ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ
የተጠቀጠቀ አፈር፣ እንጨት፣ ብረት፣ የመኪና መስታወት

መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይመልከቱ። እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ የሚወርደው መስታወት የሼቭሮሌ ካፕሪስ መኪኖች የፊት መስታወት ነው። ተማሪዎቹ 80 ያህሉን ከቺካጎ የአሮጌ መኪና መጣያ በ120 ዶላር ገዙ። የላይኛው በታችኛው ላይ ስለሚደረብ ዝናቡ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ብርሃኑ ግን ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

ግድግዳው ዝቅ ያለና ወፍራም ነው። የተሠራው በቅርጽ ሰሌዳዎች መሐል እየተጠቀጠቀ ከደረቀ አፈር ነው። የጭቃ ቤት ላየ ሰው ባዳ አይሆንበትም። ከዚህ ከባድ መሬት በላይ ያ ቀላል መስታወት መነሣቱ፣ በእኔ ዓይን፣ የሥራው ትልቁ ውበት ነው።

በር የለውም። ለጸሎትም ለስብሰባም የሚመጣ ሰው በቀጥታ እንዲገባ ተደርጎ ተሠርቷል። በድህነት በሚታወቀው በሄል ካውንቲ፣ በጥቂት ቤተሰቦች መንደር ውስጥ የቆመ የጋራ ጥላ ነው።

ስቱዲዮውን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረቱት ሳሙኤል ሞክቢና ዲ. ኬ. ሩት ናቸው። እዚያ ተማሪ የነደፈውን በገዛ እጁ ይገነባል።