ያለ መድኃኒት የሚደረግ ማስታመም፤ የአርሲ ወላድ በቤትና በሐኪም ቤት

ሕክምና በተባለ ጊዜ በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው መርፌ፣ ክኒንና የቀዶ ሐኪም ቢላዋ ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው ሕመሙን እንዲችልና ፍርሃቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም እጅ መያዝ፣ ማነጋገር፣ ጀርባ ማሸት፣ ደግፎ ማራመድና የሚደረግለትን ነገር አስቀድሞ ማስረዳት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ በአርሲ ደጋ ለወላድ እንዴት ይደረግ እንደነበረ፣ ሐኪም ቤት በመጣ ጊዜ ምን እንደደረሰበትና ዛሬ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ በአጭሩ መግለጽ ነው። ወሊድን የመረጥንበት ምክንያት ብዙዎች የገጠር ሴቶች ከሐኪም ቤት አልጋ ጋራ መጀመሪያ የሚተዋወቁት በወሊድ ስለሆነ ነው።

ሁሩታ በአርሲ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ አገር ኦሮሞውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው ይኖራሉ። ልማዳቸው በብዙ ነገር ቢለያይም በአንድ ነገር ይስማማል፤ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። በክርስቲያኑ አማራ ዘንድ ጎረቤቶች ተሰብስበው ወላዲቱን ወገቧን ይይዛሉ፤ «ማርያም ማርያም» እያሉም ይማጠናሉ። ልጁ ሲወለድ እልልታ ይሆናል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂውም ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሴቶች አቴቴ የሚባለውን የልመና ዜማ ያዜማሉ። በዚህም ጊዜ ሲንቄ ይይዛሉ፤ ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ነው። በልመናቸውም የሚጠሩት ስም «ማራም» መሆኑ የሁለቱን ልማድ መቀራረብ ያመለክታል። ገንፎውም እዚያ ማርቃ ይባላል። የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባለውን ምልክት በግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ቀነፋ ያሰረችም ሴት አትመታም፣ አትሰደብም። ባሏ ይህን ቢደፍር የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እርሱም ጥፋቱን አምኖ ሳይክስ አይመለሱም። ስለዚህ በአርሲ ወላድን ማስታመም የርኅራኄ ነገር ብቻ ሳይሆን ሕግ ያለው ሥራ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህን ስንል የጥንቱን ልማድ ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ደም የሚፈሳትን ሴት ዜማ አያድናትም፤ ሕፃኑ ተጋድሞ ሲቀርም ሆድ ማሸቱ ይጎዳት ይሆናል እንጂ አይጠቅማትም። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በ1931 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ነበሩ። እርሳቸውም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከወሊድ ጋራ በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ እንዲህ ከሆኑ፣ ከጭላሎ ግርጌ በምጥ የተያዘች ገበሬ ሴት ምን ዕድል እንደነበራት መገመት አያስቸግርም።

ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአገራችን የነርስ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ አውራጃዎቹ ይልክ ጀመር። ሐኪም ቤቱ ወላዲቱን ከሞት የሚያድን ብዙ ነገር ይዞ መጣ፤ ነገር ግን አጃቢዎቿን በር ላይ አስቀረ። ለዚህም ምክንያት ነበረው፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ንጽሕና መጠበቅ አለበት፣ በአንድ ክፍል የሚያምጡ ሴቶችም ብዙ ናቸው። ይሁንና ሴቲቱ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል በጀርባዋ ተጋድማ ብቻዋን ታምጣለች። በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአገሪቱ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 10 ያህል ብቻ ነበሩ። የመንገድ ርቀትና የገንዘብ ችግር ምክንያቶች ናቸው፤ ብቻ መሆንን መፍራትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

በር ላይ የቀረው ሥራ ግን ከንቱ እንዳልነበረ በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ኤግበርት የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ በቦስተን 97 የሆድ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸውን ሰዎች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1964 አሳተሙ። ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ ስለሚመጣው ሕመም አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሰውነታቸውን ማላላትም ተማሩ። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት የሕመም ማስታገሻ ካልተነገራቸው በግማሽ ያነሰ ሆነ፤ ወደ ቤታቸውም ከሁለት ቀን በላይ ቀድመው ሄዱ። ስለ ወሊድም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምገማ 26 ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ሴቶችን ተመልክቷል። በምጥ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደግፍ ሰው ያላቸው ሴቶች ምጣቸው እንዳጠረ፣ ቀዶ ጥገናና ማስታገሻም እንደቀነሰላቸው ይገልጻል። ነገሩ የሰውነት አሠራር አለበት፤ ብርቱ ፍርሃት የሚያመነጨው ቅመም የማሕፀንን መኮማተር ሊያደናቅፍ ይችላል። ቆሞ መራመድም የምጡን የመጀመሪያ ክፍል እንደሚያሳጥር ታውቋል።

በአገራችንም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተደረገው የጤና ዕቅድ ሩኅሩኅና አክባሪ አገልግሎት ከዋናዎቹ ጉዳዮች እንደ አንዱ ተቈጠረ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2008ቱ ጥናት ከ100 ውስጥ 26፣ በ2011ዱ ደግሞ 48 ሆኑ። የዚህ ዕድገት ምስጋና ለገንፎው ብቻ አይሰጥም፤ የመንገዱ፣ የአምቡላንሱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ቀድሞ በር ላይ የቀረው ልማድ ወደ ውስጥ መመለስ መጀመሩን ያመለክታል። በአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታልም ራሳቸው ታመው የዳኑ ሴቶች ሠልጥነው አዲስ የሚመጡትን ያስታምማሉ፤ ሕመሙን የምታውቅ ሴት ስታጽናና ቃሏ ይታመናል።

ከዚህ በላይ እንዳየነው የቀድሞው ልማድ አጃቢ ነበረው፣ ሐኪም አልነበረውም፤ አዲሱ ሐኪም ኖሮት አጃቢውን አስወጣ። ከሁሩታ አካባቢ ምጧ ጠንቶ ወደ አሰላ ሆስፒታል የምትላክ ሴት ሁለቱም ያስፈልጓታል። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት የብዙ ሴቶችን እጅ ልትይዝ አትችልም፤ ስለዚህ እጇን የታጠበች አንዲት ዘመድ ከመጋረጃ ኋላ እንድትቀመጥ ቢፈቀድና የምትሠራውን ብትማር፣ የሚያስፈልገው ወጪ መጋረጃና ወንበር ነው። ይህ እንደ ውለታ ከተቈጠረ ሥራ በበዛበት ቀን ይቀራል፤ ስለዚህ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ከነርሷ ሥራ ተቈጥሮ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። አቴቴን የሚያውቁ የአርሲ እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ የወላድ አያያዛቸውን ከአንደበታቸው ሰምቶ የሚጽፍ ተማሪ ቢነሣ ለታሪክም ለነርስ ትምህርት ቤቶችም ይጠቅማል።