ከቃል ጥናት ወደ ማመዛዘን፤ የኢንዶኔዥያ መድረሳዎች ተሞክሮ

በኢንዶኔዥያ «መድረሳ ኢብቲዳኢያ» የሚባለው የስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የእስልምናን ትምህርት ከአጠቃላይ ትምህርት ጋር አጣምሮ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የቃል ጥናት ከፍተኛ ቦታ ስላለው፣ መተንተንንና ማመዛዘንን ማስተማር ከውጭ የገባ እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ታሪኩ ግን የሚያስረዳው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 ሙሐመዲያ የተባለውን ማኅበር በዮግያካርታ ከተማ የመሠረቱት አሕመድ ዳህላን አንዲቱን አጭር የቁርአን ምዕራፍ፣ አል-ማዑንን፣ ደጋግመው ያስተምሩ እንደነበር ይተረካል። ተማሪዎቻቸው ምዕራፉን በቃላችን ከያዝነው ቆይተናል ብለው ቅር ቢሰኙ፣ መምህሩ በሥራ አውላችሁታልን ሲሉ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ድኾችንና የሙት ልጆችን ፈልገው እንዲረዱ አሰማሯቸው። በዚህ ትረካ የቃል ጥናቱ አልተነቀፈም፤ የመጨረሻ ግብ መሆኑ ግን ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1975 የሃይማኖት ጉዳይ፣ የትምህርትና ባህል እንዲሁም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች ባወጡት የጋራ ውሳኔ መሠረት፣ በመድረሳዎች የአጠቃላይ ትምህርት ድርሻ 70 በመቶ እንዲሆን ተደረገ፤ የምስክር ወረቀታቸውም ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር እኩል ዋጋ አገኘ። ይህ ለተማሪዎቹ ሰፊ በር የከፈተ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ የትምህርት ዓይነቶችን መጨመር ብቻውን የመምህሩን ጥያቄ አይለውጥም። ሒሳብም ሆነ ሳይንስ በቃል ብቻ ሊጠና ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1956 በብሉም የተዘጋጀው፣ በ2001 የተሻሻለው የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ ማስታወስን፣ መረዳትንና በሥራ ማዋልን አስቀድሞ መተንተንን፣ መመዘንንና መፍጠርን ያስከትላል። ኢንዶኔዥያ ከ2013 ሥርዓተ ትምህርት ወዲህ ለእነዚህ ከፍተኛ የአስተሳሰብ ክሂሎች ትኩረት ሰጥታለች። በ2021ም ብሔራዊውን ፈተና በአንብቦ መረዳትና በሒሳብ ችሎታ ላይ ባተኮረ ብሔራዊ ምዘና ተክታለች።

የለውጡ ቁልፍ ያለው ግን በክፍል ውስጥ በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው። ለምሳሌ ስለ ዘካ በሚሰጠው ትምህርት ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ትውስታን ይመዝናል። በአንድ መንደር የተሰበሰበው እህል ለሁሉም ባይበቃ ለማን መቅደም አለበት፣ ስለ ምንስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ያንኑ እውቀት በማስረጃ ማመዛዘንን ይጠይቃል። ስምንቱን ወገኖች የማያውቅ ልጅ ሁለተኛውን ሊመልስ አይችልም፤ የመጀመሪያውን ብቻ የተጠየቀ ልጅ ደግሞ የማመዛዘን ዕድል አላገኘም።

ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት የሚነድፉ ባለሙያዎች የክፍለ ጊዜ ድልድልን ብቻ ሳይሆን የፈተና ጥያቄዎችንና የመምህራን ሥልጠናን አብረው ሊያሻሽሉ ይገባል። መምህር የሚያስተምረው ተማሪው ለሚፈተንበት ነውና፣ ፈተናው ትውስታን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ በዕቅድ ላይ የሰፈረው ከፍተኛ ዓላማ ከወረቀት አያልፍም።