የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺና የናይሮቢ ኑሯችን

ስለ ስደት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መንገዱ፣ ካምፑና ወረቀቱ ነው። እኛ ግን በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ ጥቂት ለማለት ወደድን። ምክንያቱም ናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በመጽሐፍ ከጻፍነው ታሪክ ይልቅ በአልበም ያስቀመጥነው ይበልጣል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን ቀድመው ከተነሱት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የደስታ ቀን አልነበሩም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ሴት ካሜራ ፊት ቀረበ። ሕፃኑ እናትና አባት አጥቶ በሰው አገር የተነሳው ያ ፎቶግራፍ ዛሬም ሲታይ አንጀት ይበላል። በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ፎቶ ቤቶች በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክፍለ አገር ከተሞች ሲበዙ ተራው ሰውም መነሳት ጀመረ። ወላጆቻችን ተቀጥተው ቆመው፣ ሳይስቁ የተነሱትን ፎቶግራፍ በፍሬም አድርገው ሳሎን የሰቀሉትን የማያስታውስ የለም።

ወደ ናይሮቢ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ኬንያ ተሻገረ። የካኩማ ካምፕ በ1992 ተከፈተ። ከተማ የገባው ደግሞ አብዛኛው ኢስሊ ሰፈረ። ሰው በሰው አገርም ይጋባል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚላክበት አባት፣ ጉልበቷ የሚሳም እናት በአጠገብ አልነበሩም። ስለዚህ ጎረቤት አባት ሆኖ ዳረ፣ የቤት አከራይ እናት ሆና መረቀች። እውነተኛዋ እናት ጎንደር ወይም ደሴ ሆና የልጇን ሠርግ የምታየው፣ መንገደኛ በሚያደርስላት ፖስታ ውስጥ ባለው ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺ መምረጥ ለእኛ የጌጥ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ያነሳል። አምስት ፊልም የገዛ ሙሽራ 180 ፎቶ አለው ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የተቃጠለውና ዓይን የተጨፈነበት ይቀነሳል። ፊልሙም፣ ማሳጠቢያውም፣ ማሳተሚያውም ለየብቻ ይከፈላል። ታዲያ ብዙዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች የዚሁ አገር ሰዎች ስለነበሩ ሥርዓታችንን አያውቁም። ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ፊልማቸውን ይቆጥባሉ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበት ሲስሙ ግን የወደቀ ነገር የሚያነሱ ይመስላቸውና ዝም ብለው ያያሉ። ያ ቅጽበት ደግሞ ካለፈ አይመለስም፤ አገር ቤት ያለችው እናት መጀመሪያ የምትፈልገውም እርሱን ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከሚዜዎቹ አንዱ ስዋሂሊ የሚችለው ከፎቶግራፍ አንሺው አጠገብ ይቆማል፤ ጊዜው ሲደርስ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል። የቀኑም ቅደም ተከተል በወረቀት ይሰጠዋል፦ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጉልበት መሳም፣ ምሳ፣ በማግሥቱም መልስ። ተክሊል የሚደረግ ከሆነ የት ድረስ መቅረብ እንደሚፈቀድና ፍላሽ ይቻል እንደሆነ ካህናቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልብሳችንም የራሱ ጣጣ አለው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በቀትር ፀሐይ ከተነሳ ጥለቱ ይጠፋል፤ ካሜራው ለነጩ ልብስ ከተስተካከለ ደግሞ ፊት ይጨልማል። ስለዚህ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ወደ አመሻሹ ላይ መነሳት ይሻላል። ወረቀት የሌለው ሙሽራ ግን በፖሊስ ፍራቻ ወደ መናፈሻ ስለማይወጣ፣ ብዙዎቹ በመጋረጃ ፊት፣ እዚያው በተከራዩት ክፍል ተነስተዋል።

ናይሮቢ የተወለደውን መሐመድ አሚንንም ማንሳት ይገባል። በጥቅምት 1984 ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም የወገናችንን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ ብዙ እርዳታም አስገኘ። በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ። በኅዳር 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመጣ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ ሕይወቱ አለፈ። ውለታው ትልቅ ነው። ሆኖም ጎረቤቶቻችን ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት ያንን ረሃብ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በሱቃችን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው የሠርግ ፎቶግራፍ ካባውን፣ ሚዜውንና ሞልቶ የቀረበውን ማዕድ አሳያቸው። ደንበኞቻችን ዕቃ ሊገዙ ገብተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁን ነበር።

ፎቶግራፉ ሌላም አገልግሎት ነበረው። ባል አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ ቀድሞ ሲሄድና ሚስት ልትከተለው ስታመለክት፣ ከጋብቻው ወረቀት ጋር የሠርጉ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹና እንግዶቹ አብረው የታዩበት ፎቶግራፍ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ተቃቅፈው ከተነሱት የበለጠ ይታመናል። ስለዚህ ልጆቻችንን ስንድር፣ እንግዳው በሙሉ በአንድነት የሚነሳበት አንድ ፎቶ እንዳይቀር አጥብቀን እንናገራለን።

ዛሬ ፊልሙ ቀርቷል። ኮዳክ ራሱ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደርሷል። አሁን በአንድ ሠርግ ሺህ ፎቶ ይነሳል፤ የሚታተመው ግን ጥቂት ነው፤ ስልክ ሲሰረቅ ሠርጉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው፦ ዋጋውን፣ የፎቶውን ብዛትና የሚያስረክብበትን ቀን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የተመረጡትን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ሠርግ ያነሳውን አሳየን በሉ። ያለ ፈቃዳችሁ ምስላችሁን ለማስታወቂያ እንዳያወጣ ተነጋገሩ፤ በ2019 የወጣው የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም በዚህ ረገድ መብት ይሰጣችኋል። ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ቢያንስ 50ውን አሳትሙ።

ለአንጋፋዎቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። በድሮ አልበሞቻችን ውስጥ አባት ሆነው የዳሩ፣ ወጥ የሠሩ፣ ከበሮ የመቱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ወደ ሦስተኛ አገር ሄደዋል፤ ጥቂቶቹም በዚሁ ምድር አርፈዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው። እባካችሁ አልበማችሁን አውጡና በየፎቶው ጀርባ ስማቸውን በእርሳስ ጻፉ። ለማሳየት የምትፈቅዱትንም ወደ ማኅበራችን አምጡ፤ ቅጂው ተወስዶ ይመለስላችኋል።