ኮሶ፤ የዛፉና የመድኀኒቱ ታሪክ

ኮሶ በአማርኛ አንድ ስም ሆኖ ሦስት ነገር ያመለክታል፤ ይኸውም ዛፉን፣ ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኀኒትና መድኀኒቱ የሚያስወጣውን የሆድ ትል ነው። ዛፉ በትግርኛ ሓቢ፣ በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። አንዱ ስም ለሦስቱ መዋሉ ዛፉ፣ ደዌውና ፈውሱ በሕዝቡ ኑሮ ምን ያህል ተሳስረው እንደ ቈዩ ያስረዳል። ዛሬ ግን ትስስሩ ላልቷል፤ የመድኀኒቱ ጠጪ አንሷል፤ ዛፉም ከብዙ ተራራ ተመናምኗል። የመድኀኒት ተክል በተመናመነ ጊዜ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚው ላይ ይጣላል፤ የኮሶ ታሪክ ግን ይህ ፍርድ እንዲመረመር ያስገድዳል።

ዛፉ በደጋና በውርጭ አገር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይበቅላል። ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ነው፤ ለመድኀኒት በይበልጥ የሚመረጠውም ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያም ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል፤ በባዶ ሆድም ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የተለመደ ስለ ነበረ መጠጡም ወር ወይም ሁለት ወር እየቈጠረ የሚመለስ የቤት ሥርዐት ሆኖ ኖሯል። ምሬቱ በአነጋገር ውስጥ ገብቶ እጅግ የመረረ ነገር ሁሉ «እንደ ኮሶ የመረረ» ይባላል። መጠኑ ሲበዛ ጠጪውን እንደሚጐዳ የታወቀ ነው፤ ነፍሰ ጡርም እንዳትጠጣው ትከለከላለች።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1769 እስከ 1771 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ይህን ልማድ ገልጿል። እርሱ እንደ ጻፈው ወንዱም ሴቱም በወር አንድ ጊዜ ይጠጣ ነበር፤ አንድ እፍኝ የደረቀ አበባም በጠላ ይዘፈዘፋል፤ ጠጪውም በዚያ ቀን ከወዳጆቹ ተሰውሮ ይውላል። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን እንግዲህ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የዕረፍትና የብቸኝነት ቀንም ነበረ።

መጠጡ በየቤቱ የተለመደ ይሁን እንጂ ኮሶ በገበያ ይዞ መቀመጥ ክብር አልነበረውም። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚነገረው ታሪክ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል ስለ ተባለ ባላጋሮቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ በዚህ ስድብ ፎክሮ በዘመተባቸው ጊዜ ካሳ ድል አድርገው ማረኩትና ያንኑ ኮሶ በግድ አቀመሱት ተብሎ ይተረካል። ባለቤቱ ሁሉ የሚፈልገውን መድኀኒት የሚያቀርበው ድኻ ሻጭ ስሙ ለስድብ መዋሉ የዚያን ዘመን የማኅበር አስተያየት ያሳያል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኮሶ ባሕር ተሻገረ። በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የአበባውን ፈዋሽነት ተመልክቶ በ1822 እ.ኤ.አ. አስታወቀ፤ ኩንት የተባለው የዕፀዋት ሊቅም ተክሉን በብራየር ስም ሰየመው። ብሩስ ግን አስቀድሞ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ» ብሎት ነበር፤ ይህ ስም በሌላ ተክል ተይዞ ስለ ተገኘ በመጨረሻ የጸናው ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ለኮኒግስበርጉ ሊቅ ለሃገን መታሰቢያ ያወጣው «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የተባለው ነው። አበባውም በብሪታንያና በጀርመን የመድኀኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። በሳይንስ ስሙ ውስጥ የአገሩ መጠሪያ ቢቀርም «ኮሶ» የሚለው የሕዝቡ ቃል አልቀረም፤ ከሸቀጡ ጋር ወደ ውጭ አገር የሄደው ግን እርሱ ነው።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል የተባሉት ክኒኖች እየተስፋፉ ሲሄዱ የኮሶ ጠጪ ቍጥር ቀነሰ። ዛፉ ግን በዚህ አላረፈም። ቀላ ያለው እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል፤ ደጋው ለእርሻ ይመነጠራል፤ ችግኙን ከብት ይግጠዋል፤ እሳትም ያጠፋዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶን ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ በኋላ በሌሎች ተተክቷል።

እንግዲህ ልዩነቱ ሊስተዋል ይገባል። አበባ መልቀም ዛፉን አይገድልም፤ የሴቴው አበባ ዘር ሳይጥል በብዛት ሲለቀም የነገውን ቡቃያ ያሳንስ እንደ ሆነ እንጂ ግንዱ ቆሞ ይቀራል። በየገበያው ሥራቸው የሚሸጠው ድንገተኛና ቀበርቾ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅሉ ሲሆኑ ሥሩ ተቈፍሮ በወጣ ጊዜ ተክሉ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሕዝቡ በባህል መድኀኒት ይጠቀማል ወይስ አይጠቀምም የሚለው ሳይሆን፣ ከተክሉ የሚወሰደው ክፍል የትኛው ነው፣ የሚተካውስ ማን ነው የሚለው ነው።

በባሌ ዲንሾ አካባቢ አሁንም ከጽድ ጋር የቆሙ ኮሶዎች ይታያሉ። የኮሶ ጠጪ ሲኖር ዛፉን በቁሙ የሚፈልግ ሰው ነበረ፤ ጠጪው ሲጠፋ የሚቀረው ግንዱን የሚፈልገው ብቻ ነው። የዛፉ ጥበቃ በሕግ ብቻ እንዳይወሰን ከተፈለገ፣ ከመድኀኒቱ ታሪክ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው ቆሞ እንዲኖር የሚፈልግበት ምክንያት ያጣ ዛፍ በአዋጅ ብቻ ሲጠበቅ ጥበቃው ደካማ ይሆናል።