ካየሁት፣ ከሰማሁት... ከተሰማኝስ?

ሰሞኑን ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረበት አካባቢ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን አገኘኋት። «ቲቸር፣ ያ ደብተር እስካሁን አለኝ» አለችኝ። የትኛው ደብተር እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወሬዬ ስለዚያ ደብተር ነው፤ ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከሩቅ ልጀምር።

በዚሁ በአራዳ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተማሩ አንድ ሰው ነበሩ፤ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ። ብዙዎቻችን በሰዋስው መጽሐፋቸው ነው የምናውቃቸው። ግን የዘመናቸውንም ነገር ጽፈው አኑረውልናል። ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው ማስታወሻቸው «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ፣ ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል፤ ከ1896 እስከ 1922 ያሉትን ዓመታት ይሸፍናል። አፄ ምኒልክ ያረፉት፣ የ1909ኙ የሰገሌ ጦርነት የተካሄደው፣ በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማውን ያራቆተው በዚያ ዘመን ነው።

ርዕሱን ልብ በሉልኝ። የልዑል ራስ እምሩ ማስታወሻም «ካየሁትና ከማስታውሰው» ነው የሚለው። አባቶቻችን ሲጽፉ እንደ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ሆዱን አይከፍትም። ስለራስ ማብዛት ነውር ነው፣ የቀረውን «ሆድ ይፍጀው»። ይህ ጨዋነት ብዙ ታሪክ አትርፎልናል። ምስክሩ ራሱ ያን ሁሉ አይቶ እንዴት እንዳደረ ግን ብዙ ጊዜ አናውቅም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ፍርሃት ተጨመረበት። በቀይ ሽብር ጊዜ ወረቀት ማስረጃ ነበር። ልጅ ሆኜ እናቴ የታላቅ ወንድሜን ደብተር ቅጠል በቅጠል እየገነጠለች ምድጃ ውስጥ ስትጨምር አይቻለሁ። ምን እንደተጻፈበት ዛሬም አላውቅም። ወንድሜ ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለራሱ ሲጽፍ አላየሁትም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለራሴ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም ነበር። ድካሜን ይዤው ቤት እገባለሁ፤ በማግስቱ ያው ድካም ተማሪ ላይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ልጆቼ ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው፣ ታክሲ ቀያይረው የሚመጡ ነበሩ። ክፍሉ ዝም አለ። ምን እንደምላቸው ቢጠፋኝ፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀምር አሥር ደቂቃ ሰጥቼ «ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ» አልኳቸው።

ከዚያ የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። ደብተሩን ሰብስቤ በቀይ እስክሪብቶ ፊደል አረምኩ! በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም «ዛሬ ጥሩ ቀን ነው» ብለው ጻፉ። ምን ይደረግ! ሌላ ሰው የሚያነበው ወረቀት እንደሚያስፈራ እናቴም ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መሰብሰቡን ተውኩ። እነሱ ሲጽፉ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ቆይቶ አንድ ጥናት አነበብኩ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር አጻፏቸው። ጽፈው ሲነሱ እንኳን ሊቀላቸው፣ ሆድ ይብሳቸው ነበር። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። የሆነውን ብቻ የጻፉት ያን ያህል አልተጠቀሙም።

ይህን ሳነብ ቋንቋችን ትዝ አለኝ። «ሰማሁ» እና «ተሰማኝ» ሥራቸው አንድ ግስ ነው። አንዱ ከውጭ የመጣውን፣ ሌላው ውስጥ ገብቶ የቀረውን ይናገራል። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የተሰማኝ። ሦስተኛው ላይ ብዙ እጆች ቆሙ፤ የእኔም እጅ ቆመ። ቀስ እያልን ለመድነው። ቁጣዬ የመጣበትን ቦታ ወረቀት ላይ ካየሁት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ የምጮኸው ቀነሰ።

ደብተር ቤት አይመልስም፤ ሐዘኑ የከበደበት ልጅም ከወረቀት በፊት ሰው ያስፈልገዋል። ግን ብላታ መርስዔ ኀዘን ዘመናቸውን ካተረፉልን፣ እኛ ደግሞ በዚያ ላይ ራሳችንን ብናተርፍ ነውር አይመስለኝም።

ተማሪዬን ምን እንደጻፈችበት አልጠየቅኳትም። የእሷ ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ዛሬ ማታ ከእርማቱ በፊት አሥር ደቂቃ ለራሳችሁ ስጡ። ፊደል ብትሳሳቱ ማንም አያርማችሁም። ደህና እደሩልኝ።